በፀዳለ ስም የሚነፋ ጡሩንባ

ፀዳለ ሞተች ተብሎ ጡሩንባ የተነፋ ጠዋት ጌጃ ሰፈር ውስጥ አንድም ሰው አላለቀሰም። ወንዙ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ የቤት ካርታና የልደት ወረቀት በፌስታል ቋጥረው፣ አንዱማ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ፣ ዳገቱን ወጥተው የእድሩ አዳራሽ በር ላይ ተሰበሰቡ። ወሩ ጥር ነው። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ሰዎቹ ግን ቀና ብለው አላዩም፤ መጀመሪያ ውጡ፣ ሰማዩን ኋላ ታዩታላችሁ ብላ ያስተማረቻቸው እሷው ራሷ ናት።

ፀዳለ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበረች። ታማ ብዙም ሳትቆይ ነው ያረፈችው፤ መርዶውን ለእድሩ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ያን ጠዋት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ግርማ መናገር አቃታቸውና ለሰዉ ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

"ዛሬ ውሃ አልመጣም" አልኩ። "ዛሬ እውነት ነው። ፀዳለ ሞታለች።"

ለማያውቅ ሰው ይህ የእብድ ንግግር ይመስላል። ያ ሰፈር ግን የፀዳለን ሞት ሲሰማ የመጀመሪያው አልነበረም። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ ሰው ከቤቱ እንዲወጣ የሚለፈፈው የእሷ ሞት ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደተደረሰ እመጣበታለሁ።  ብቻ ያን ጠዋት እማማ ዘይነባ፣ የመጨረሻው ወንዝ ዳር ቤት ባለቤት፣ የያዙትን ጥቅል መሬት ላይ አስቀምጠው እሪ አሉ። ለቅሶው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩም ቀናሁ። ዙሪያዬን እያየሁ፣ እኔ ብሞት ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ስንቱ እንዲህ ይሆናል? ብዬ አሰብኩ። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ለምትሉኝ፣ ይቀናል። እንዲያውም የሞተ ሰው ይብሳል፤ ከእንግዲህ ወዲያ አትቀድመውም።

መሥሪያ ቤታችን የመንግሥት ነው። ሰፈሮች ጎርፍም ሆነ እሳት ሳይመጣባቸው በፊት የመከላከያ ዕቅድ እንዲያወጡ ባለሙያ ይልካል። ዕቅዱን የሚያወጣው ነዋሪው ነው፤ እኛ የምናግዘው በሙያ ነው። ጌጃ ሰፈር ወዳለበት ወደ ልደታ የተመደብነው እኔና ፀዳለ ነበርን። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ውሃ በየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ የትኛው ግንብ እንደሚችለው አሰላለሁ። እሷ የተማረችው ሶሲዮሎጂ ነው። ሥራዋ ከሰው ጋር ማውራት ነበር፤ ወሬ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ደሞዝ ሲከፈልበት ያየሁት በእሷ ነው።

አጭር ናት። ስትራመድ ግን ከእሷ ጋር እኩል ለመሄድ ሱክ ሱክ ማለት ነበረብኝ። በበጋም በክረምትም አንድ ጎኑ የተሰበረ ጃንጥላ ይዛ ትዞራለች፤ ሰው ቤት ትረሳዋለች፤ ሰው ደግሞ ይዞላት ይመጣል። ካርታ ማንበብ አትችልም ነበር። የሠራሁትን ካርታ ተቀብላ ዘቅዝቃ ትይዘዋለች፣ ታዞረዋለች፣ ከዚያ እማማ ዘይነባ ቤት የቱ ጋ ነው? ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ካሳየኋት በኋላ የቀረውን ራሷ ታገኘዋለች። ስትስቅ ግንባሯን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ የሆነ ነገር የተሳካላት ቀን ደግሞ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ትላለች። አጠገቧ ቆሜ እሰማታለሁ። ጸሎቷ እንደተሰማላት አታውቅም ነበር።

ሰው ቤት ስንገባ እኔ ስሜን፣ መሥሪያ ቤቴን፣ የመጣሁበትን ጉዳይ እናገራለሁ። እሷ ያገኘችው ነገር ላይ ቁጭ ትልና "እዚህ ቤት መጀመሪያ የሚነቃው ማነው?" ብላ ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሰው ይስቃል፤ ባልና ሚስት ይከራከራሉ፤ ከዚያ ማን አልጋ ላይ እንደሚውል፣ የማን እግር እንደማይራመድ፣ ማን ቤት ልጅ ብቻዋን ተቆልፎባት እንደምትውል ሁሉም ይወጣል። እኔ በጥያቄ ወረቀት ለወር የምለፋበትን እሷ የቀረበላትን ቆሎ ሳትጨርስ ታውቀዋለች። ጎበዝ ናት እንዳልል አንጀቴ ያራል፤ አይደለችም እንዳልል ዓይኔ አይቷል።

ስልኬን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰጥቼ ነበር። ይደውሉልኛል። አንስቼ "አቤት" ስል "ኢንጂነር፣ ፀዳለ ስልኳ አይሠራም፤ አጠገብህ አለች?" ይሉኛል። እማማ ዘይነባ በረመዳን ሳምቡሳ ጠብሰው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ "ለፀዳለ አድርስልኝ" ብለው ያስይዙኛል። ትኩስ ሳምቡሳ ታቅፌ ከጌጃ ሰፈር እስከ ቢሮ በእግሬ እሄዳለሁ። አንዷን እንኳ ቅመስ ያለኝ የለም። ስደርስ እሷ ግማሹን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ ደግሞ ለእኔ ያልተላከ ምግብ አይጥመኝም።

የሰፈሩ ችግር አንድ ነበር። ዝናቡ በከተማው የላይኛው ክፍል ይዘንባል፤ ጌጃ ሰፈር ደረቅ ሆኖ ሳለ ወንዙ በድንገት ሞልቶ ይደርሳል። ወንዙ ዳር ያለው ረድፍ ቤት ውስጥ ሽማግሌ አለ፣ አራስ አለች፣ የተኛ በሽተኛ አለ። ውሃው ደጃፋቸው ሳይገባ ቀድመው ዳገቱን ከወጡ ይተርፋሉ፤ እቃ ላንሳ፣ በር ልዝጋ እያሉ ከቆዩ መውጫቸው ይቆረጣል። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚሉት እማማ ዘይነባ፣ ጎረቤታቸውን በዚያ ወንዝ ያጡ ናቸው። እኛ የተላክነው ለዚህ ነበር፤ እነዚያን ሰዎች በጊዜ ከቤታቸው ማስወጣት።

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ከላይ ያለውን ቦይ ማስፋት፣ ዳርቻውን በሽቦ በታሰረ ድንጋይ መገደብ፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ሳይረን መትከል። ቦዩና ድንጋዩ ተሠሩ፤ እስካሁንም ቆመዋል። ሳይረኑ ላይ ስንደርስ እድርተኞቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነበርና ፀዳለ እጇን አወጣች። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው መብራት አይደለም ወይ? አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በባትሪ ይሠራል አልኩ። ባትሪው ማን ቤት ይቀመጥ? የሚለው ክርክር ምሳ ሰዓት አሳለፈን። ያን ጊዜ ነው እሷ፣ በዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው ሰምቶ የሚነሳው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ያለችው። ሁላችንም ዞረን አየነው። የእድሩ ጡሩንባ ነበር።

በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ጡሩንባ ነፊው ጋሽ በየነ እንደ ሙሽራ ተቅለሰለሱ። የእኔ ሳይረን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ በኋላም ሰው የውሃ ብርጭቆ አስቀመጠበት።

ልምምዱ እሁድ ረፋድ ላይ ተደረገ። ጋሽ በየነ ጡሩንባቸውን ነፍተው "በእማማ ዘይነባ ቤት በኩል ወንዙ ሞልቷል፤ ወንዝ ዳር ያላችሁ ውጡ" እያሉ ለፈፉ። እኔ ወንዝ ዳር ቆሜ ከየቤቱ ሰው እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ከታች የወጣ የለም። ከላይ ግን ሰው ይወርድ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይጎርፋሉ። ጡሩንባ ተነፍቶ የሰው ቤት ስም ተጠርቷላ፤ የእድር ሰው ወደ ተጠራው ቤት ነው የሚሄደው። ችግሩ ውሃ መሆኑን ሁሉም ሰምቷል። ግን እማማ ዘይነባን በችግራቸው ቀን ብቻቸውን ሊተዋቸው ነው?

እማማ ዘይነባ በበኩላቸው ምንጣፍ እያነጠፉ ነበር።

"ውጡ እንጂ እማማ፤ ውሃ መጥቷል ተብሎ የለም?" አልኳቸው።

"ሰው እየመጣልኝ ቤቴን ዘግቼ የት ልሂድ? ነውር አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ያን ቀን ጎርፉ የእውነት ቢሆን ኖሮ ጌጃ ሰፈር በሙሉ፣ ድንኳኑን እንደተሸከመ፣ በገዛ እግሩ ውሃ ውስጥ በገባ ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ ውድቀቱም የእሷ ነው። ዳገቱን ስወጣ ሳይረኔን እንዴት አድርጌ መልሼ እንደማቀርበው እያሰብኩ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

አዳራሹ ስንመለስ ፀዳለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አቶ ግርማ ሰዉን እየተቆጡ ነበር፤ ስንት ጊዜ ተነገራችሁ፣ ወደ ላይ ነው የተባለው፣ ጆሮ የላችሁም ወይ እያሉ። እሷ ተነሳችና ይተዉዋቸው አለቻቸው።

"ሰዉኮ አልተሳሳተም፣ አቶ ግርማ። ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ወደ ለቅሶ ቤት ነው የሚሄደው። ይኼን እኔም ኢንጂነርም አንቀይረውም። ለቅሶ ቤቱን ግን ወደ ላይ ማውጣት እንችላለን።"

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ አስረዳች። ወንዙ ሲሞላ ጡሩንባው ስለ ውሃ አይናገር። የአንድ ሰው ሞት ይለፈፍ፤ ለቅሶው በእድሩ አዳራሽ ነው ይባል። የላይኛው ሰው ወደ ታች አይወርድም። የታችኛውም ሰው እንግዳ አይጠብቅም፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢወጣ ማንም ነውር አይለውም። ሁሉም ምሥጢሩን ያውቃል፣ ልጁንና ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ግን እግሩን የሚያነሳው የለመደው ነገር ነው።

በኪሴ የያዝኩት ዓረፍተ ነገር እዚያው ሞተ።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ መጣ። የማን ሞት ይለፈፍ?  አንዱ ጣሪያውን ያያል፣ አንዱ ጫማውን። ከኋላ አንዲት ሴት "ያርቀው" አሉና አማተቡ። በቁም ባለ ሰው ስም ጡሩንባ አይነፋም፣ ሟርት ነው አሉ አቶ ግርማ። እኔ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ተነሳሁ። የሌለ ሰው ስም እንፍጠር አልኩ፤ ማንንም አይነካም። ጋሽ በየነ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማያውቁት ሰው ማን ይሮጣል፣ ልጄ? አሉኝ።

"የእኔን ጥሩ" አለች ፀዳለ።

አቶ ግርማ አይሆንም አሉ። ሰፈሩ አይሆንም አለ። እሷ ግንባሯን ይዛ ሳቀች። እኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ነው፤ ሞት እዚህ መጥቶ ቢፈልገኝ አያገኘኝም አለቻቸው። ተከራከሩ፤ ለመኗት፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። የእድር ጡሩንባ ለእድርተኛ ብቻ ስለሚነፋ እዚያው በዚያው አባል አደረጓት። ጋሽ በየነ ተነስተው ትከሻዋን ሳሟት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስሜን ለመስጠት አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር እላለሁ፤ ግን አልከፈትኩም፤ እሷ ከፈተች። ሰው አንዲት ቃል ቀድሞ በመናገር የአንድ ሰፈር ልጅ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

እውነተኛው ጎርፍ የመጣው በዚያው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔና ፀዳለ ቢሮ ነበርን። ስልክ ተደወለልን፤ ማለቴ ተደወለላት። በታክሲ ደርሰን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስንገባ ጋሽ በየነ ዝናብ እየወረደባቸው "ፀዳለ አርፋለች፤ ለቅሶው በእድሩ አዳራሽ ነው" እያሉ ይለፍፋሉ፤ ሟቿን አጠገባቸው ሲያዩ ጡሩንባውን ከአፋቸው ሳያወርዱ በእጃቸው ሰላም አሏት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አራሷ አለች፤ በሽተኛው በቃሬዛ ወጥቷል፤ እማማ ዘይነባ ዶሮዎቻቸውን በዘንቢል ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል። ወንዙ የታችኛውን ረድፍ ቤቶች እስከ መስኮት ዋጣቸው። የጠፋ ሰው አልነበረም።

ፀዳለ በበሩ ስትገባ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። "ሟቿ መጣች" ብሎ አንዱ ጮኸ። አቀፏት፤ ደረቅ ጋቢ ደረቡላት። ከላይ በኩል ያለው ቦይ ሞልቶ ሳይገነፍል መያዙን፣ እሱ ባይይዝ ኖሮ ዳገቱ ራሱ ወንዝ ሆኖ ማንም እዚህ ሊወጣ እንደማይችል የምናውቀው እኔና ድንጋዩ ነበርን። እሷ ግን ታውቅ ኖሯል። ወንበር ላይ ቆመችና ዛሬ የወጣችሁበትን መንገድ ውሃ ያልወሰደው በኢንጂነር ቦይ ነው፣ አጨብጭቡለት አለች። አጨበጨቡልኝ። ጥሩ ጭብጨባ ነበር። በእሷ ትእዛዝ መሆኑ ግን አንገበገበኝ፤ ምስጋናዬን እንኳ ያገኘሁት ከእሷ እጅ ነው።

ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ልጠይቃት ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም፤ ግማሹ የጌጃ ሰፈር ሰው ነው። በር ላይ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። ስደርስ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ከማንም በፊት የጠየቀችኝ ስለ ቦዩ ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ደለሉን አስጠርግ አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አቶ ግርማን አደራ፤ ስሟን ጠርተን ነው ያሳመምናት እያሉ ነው" አለችኝ።

የፈራችው ደረሰ። ከሞተች በኋላ አቶ ግርማ ሰው ሆነው አያውቁም። ለቅሶ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ሕመሟ ምን እንደነበር፣ ሐኪም ምን እንዳለ ብነግራቸው ይሰሙኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ "እኛ ነን የጠራንባት" ይላሉ። ጡሩንባውን ከግድግዳ አውርደው ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። ግንቦት አለቀ፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። ወንዝ ዳር ያሉት ሰዎች ማስጠንቀቂያ የላቸውም። ሳይረን ይተከል ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ፤ ወረፋ ላይ ነው አሉኝ።

ስለዚህ እድሩ ተሰበሰበ፤ እኔም ሄድኩ። አዲስ ስም ያስፈልጋል ተባለ። እንደዚያን ዕለቱ ሁሉም ጣሪያውንና ጫማውን ያይ ጀመር፤ አሁንማ ይባስ ብሎ። የመጀመሪያዋ ስሟን የሰጠች ሰው አፈር ገብታለች፤ ማን ይደፍራል? እኔ በሟርት አላምንም። ቢሆንም እየፈራሁ ነበር የተነሳሁት። ሰዎቹ እንዲተርፉ ፈልጌ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። እሷ በቆመችበት ቦታ አንድ ጊዜ መቆም ፈልጌ ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

"የእኔን ስም ጥሩ" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አይሆንም ብሎ አልለመነኝም። ጋሽ በየነ አቶ ግርማን አዩ፤ አቶ ግርማ ሰዉን አዩ። ከዚያ አቶ ግርማ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው፣ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ እንደ አባት ነገሩኝ።

"ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ላንተማ ይመጣል፤ ማን ይቀራል? ግን ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ውሃው ደግሞ አይጠብቅም።"

ተቀመጥኩ።  ክፋት ቢኖርባቸው እመልስላቸው ነበር፤ ክፋት የለባቸውም፤ ስሌታቸው ትክክል ነው። በሙያዬ ብጠየቅ እኔም ያንኑ ነበር የምለው።

እማማ ዘይነባ ናቸው ነገሩን የቋጩት። ሌላ ስም ለምን ትፈልጋላችሁ? አሉ። የሞተ ሰው ሁለተኛ አይሞት፤ ከእንግዲህ ሟርት አያገኛት። ያቺው ትጠራ፤ እሷ ስትጠራ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው አለ?  አቶ ግርማ የሳጥኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለጋሽ በየነ ሰጧቸው።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ልምምድ ይደረግ ተባለ። ቀኑንም ሰዓቱንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለጋሽ በየነ መቼ እንደሚነፉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰዓቱ እስኪደርስ ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ወንዝ ዳር እወርድና ሰው ሲወጣ አያለሁ፣ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ጡሩንባው ከሩቅ ተሰማ። በመሐል የተሽከርካሪ ድምፅ አለ፣ ክላክስና ጩኸት አለ፤ ስሟን ግን ሰማሁት። ወይም የሰማሁት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ዳገቱን ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ቦርሳዬን ትቻለሁ። ወንዝ ዳር አልወረድኩም። ሮጥኩ፤ ከሕፃናቱ ጋር፣ ከዶሮዎቹ ጋር፣ ዘንቢል ከያዙት ሴቶች ጋር እየተጋፋሁ ወደ ላይ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጬ፣ እማማ ዘይነባን ቀድሜ አዳራሹ በር ላይ ደረስኩ። በሩን ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ አቶ ግርማ መጥተው ቆመው አዩኝ።

"ኢንጂነር፣ አንተን ደግሞ ምን አስሮጠህ? ልምምዱ ያንተ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

 ሰዉ እያለፈኝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም በጊዜ ወጥቷል፤ ልምምዱ ተሳክቷል። እኔ ግን እዚያው በር ላይ ቆሜ የማስበው ሌላ ነበር። ነገሩ ተገልብጦ እኔ ሞቼ፣ ጋሽ በየነ የእኔን ስም ቢጠሩ ኖሮ፣ ሰፈሩ በሩን ቆልፎ ቀስ ብሎ ሲመጣ፣ እሷ ያን የተሰበረ ጃንጥላ ጥላ ትሮጥልኝ ነበር። ይህን አውቃለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።